ከቱሉ ዲምቱ እስከ ላሙ፦ የስምንት ቀን የየብስ ጉዞ ማስታወሻ

ላሙ በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ጠረፍ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ በላይዋ ያለችው ከተማም ስሟ ላሙ ነው። ይህ ማስታወሻ ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ፣ ከአቃቂ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ በየብስ እዚያ መድረስ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር፣ ዓመተ ምሕረቱ ካልተገለጸ በስተቀር በፈረንጅ ነው።

ቀን 1፦ ከቃሊቲ እስከ ዲላ

የደቡብ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች የሚነሱት ከቃሊቲ መናኸሪያ ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ እዚያ መገኘት ያስፈልጋል። ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ላሉ ሰዎች መናኸሪያው ቅርብ ቢሆንም በዚያ ሰዓት ታክሲ እንደ ልብ አይገኝም፤ መኪናውን ከዋዜማው መቅጠር ይሻላል። ትኬቱንም በዋዜማው ቁረጡ። መናኸሪያው ውስጥ ሌላ አንድ ሥራ አለ፦ ከያቤሎ ወዲያ ያለው መንገድ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደሆነ ከሾፌሮቹ መጠየቅ። ትናንት ከዚያ የመጣ ሾፌር የሚናገረውን የሚያህል ወሬ ሌላ ቦታ አይገኝም።

በእጅ ቦርሳ የሚያዘው ጥቂት ነው፦ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ የወባ መከላከያ መድኃኒት፣ ትንሽ ዶላር። የቢጫ ወባው ክትባት የሚጸናው ከተወጉት ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት ተወግቶ መሄድ ጠረፍ ላይ ያጉላላል። ወባን በሚመለከት፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና ሰውነታችን ለወባ ልማድ የለውም። መድኃኒቱን ሐኪም ጠይቆ ከመነሳት በፊት መጀመር ነው።

ከተማዋን የምንለቀው በአቃቂ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ላሙ ስትደርሱ ይጠቅማችኋል። አዲስ አበባ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች ሌላ፣ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ የምታገኘው በአቃቂ ዙሪያ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። መሐል ከተማው የሚኖረው በዳርቻው ውሃ ነው ማለት ነው። ላሙም እንዲሁ ናት፤ ስድስት መቶ ዓመት የቆመችው ከከተማው ውጭ፣ ከአሸዋ ክምር ሥር በሚገኝ ውሃ ነው። የዚያች ከተማ ታሪክም ሆነ የሕዝቧ ብዛት በወደቧና በንግዷ ብቻ ሊገባ አይችልም፤ ከጉድጓዱ መጀመር አለበት።

ቱሉ ዲምቱ ላይ የክፍያ መንገዱ ይጀምራል፤ እስከ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለደቡብ ተጓዥ ግን ሞጆ ላይ መታጠፍ አለ። ከሞጆ እስከ ባቱ በአዲሱ ፈጣን መንገድ፣ ከዚያ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጎ ዲላ ማደር ይቻላል። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ለመጀመሪያ ቀን ትበቃለች። ሞያሌን በአንድ ቀን እደርሳለሁ ብሎ መሞከር በማታ በቦረና ሜዳ መጓዝን ያመጣል፤ አይመከርም።

ቀን 2፦ ሞያሌ

ከቡሌ ሆራና ከያቤሎ በኋላ አገሩ ይደርቃል፤ ግመል፣ ግራርና የምስጥ ኩይሳ ብቻ። በሜጋ በኩል ሞያሌ ይገባል።

የጠረፉ የጋራ ኬላ የተመረቀው በታኅሣሥ ወር 2020 ነው። አሠራሩ የመውጫና የመግቢያ ማኅተም በአንድ ቦታ፣ በምትገቡበት አገር በኩል እንዲመታ ነው። ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ለአጭር ጉብኝት ሲገቡ ቪዛ አይጠየቁም፤ ማኅተም ግን የግድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ከተማዋ አንድ ስለምትመስል በእግሩ ተሻግሮ አልጋ ይይዛል፣ በማግስቱ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ከዚያ በመጀመሪያው የፖሊስ ኬላ ላይ ፓስፖርቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። እስከ ናይሮቢ ድረስ ኬላው ብዙ ነው። ሁለቱም ማኅተሞች መመታታቸውን፣ ቀኑም መነበቡን መስኮቱ ላይ ሳላችሁ አረጋግጡ።

ሲም ካርድ እዚሁ በፓስፖርት አውጡና በኤም-ፔሳ ገንዘብ አስገቡ። ላሙ ውስጥ የባንክ ማሽን ጥቂት ነው፤ ጀልባው፣ ምግቡ፣ አልጋው በስልክ ይከፈላል።

ስለ ሰዓትና ስለ ቁጥር ሁለት ነገር። የስዋሂሊ ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከፀሐይ መውጫ ነው፤ «ሳ ሞጃ» ጠዋት 1 ሰዓት፣ «ሳ ታቱ» 3 ሰዓት ነው። ትኬት ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። «07:00» የሚል ትኬት የኛ 1 ሰዓት ነው፤ ሰባት ሰዓት ብሎ የተኛ ሰው አውቶቡሱን አያገኘውም። ሌላው «ኤልፉ» የሚለው ቃል ነው። በኛ እልፍ ዐሥር ሺህ ነው፤ በስዋሂሊ ግን አንድ ሺህ። ገበያ ላይ ይህን አለማወቅ ዋጋውን ዐሥር እጥፍ አድርጎ ያሰማል።

ቀን 3 እና 4፦ ናይሮቢና ሞምባሳ

ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ ዛሬ እስከ ጫፉ አስፋልት ነው። አውቶቡሶቹ የሚያወርዱት ኢስሊ ሰፈር ነው፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞ በየሱቁ ስለሚሰማ አልጋ ማግኘት አያስቸግርም።

በማግስቱ ባቡር። ከናይሮቢ ሞምባሳ ያለው አዲሱ የባቡር መስመር በ2017 ሥራ የጀመረ ሲሆን ጉዞው ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ጣቢያው ከተማው መሐል አይደለም፤ ስዮኪማው ነው፣ የኛው የለቡ ጣቢያ ከመሐል አዲስ አበባ እንደሚርቀው። የዕቃ ፍተሻው በውሻ ጭምር ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። በጻቮ የዱር እንስሳት ፓርክ ሲያልፍ ከመስኮት ዝሆን ሊታይ ይችላል።

ሞምባሳም በደሴት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ግን ትልቅ ናት። ፖርቱጋሎች በ1593 መገንባት የጀመሩትን ፎርት ጂሰስ የተባለ ምሽግ አይቶ ማለፍ ይቻላል። እንግሊዞች ባቡራቸውን በ1896 መሥራት የጀመሩት ከሞምባሳ ነው፤ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ላሙን ያደኸያት ይህ ባቡር ነው፤ የአገር ውስጥ ንግድ ሁሉ ወደ ሞምባሳ ወደብ ሲዞር ላሙ ዳር ቀረች። አሮጌ ቤቶቿ ሳይፈርሱ የቆዩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዲስ የሚሠራባቸው ባለ ገንዘብ አልነበረም።

ቀን 5፦ ወደ ላሙ

የላሙ አውቶቡሶች ከሞምባሳ በማለዳ ይነሳሉ። መንገዱ በኪሊፊ፣ በማሊንዲ፣ በጋርሰንና በዊቱ በኩል ሞኮዌ በተባለ የጀልባ መሻገሪያ ያበቃል። ስምንት ሰዓት ያህል አስቡ። ጋርሰን ላይ የጣና ወንዝ አለ (ስሙ ከኛ ሐይቅ ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የለውም)። በሚያዝያና በግንቦት፣ ደግሞም በኅዳር ዝናብ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ይቆርጠዋል፤ በእነዚህ ወራት ከሞምባሳ ወይም ከናይሮቢ በአውሮፕላን መሄድ ይሻላል። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ላሙ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ባለችው በማንዳ ደሴት ነው፤ ከዚያ በጀልባ ይሻገሩታል።

ከጋርሰን በኋላ ያለው መንገድ የጸጥታ ጉዳይ አለበት። በሰኔ 2014 አል-ሸባብ ምፔኬቶኒ ከተማ ላይ ባደረሰው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ ኬላዎችና የፖሊስ አጀባ አሉ፤ በማታ አይኬድም። ከመነሳታችሁ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ጠይቁ፤ ጥሩ ካልሆነ ጉዞውን ሞምባሳ ላይ ማቆም ነው እንጂ መድፈር አይገባም።

በዚሁ አካባቢ የሚኖሩት ኦርማዎች ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ቋንቋቸው ከቦረና ኦሮምኛ ጋር የቀረበ ነው። ከገላን ወይም ከዱከም የመጣ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ከጋርሰን ሰው ጋር ያለ አስተርጓሚ ብዙ ነገር ሊግባባ ይችላል።

ሞኮዌ ላይ ሁለት ዓይነት ጀልባ አለ፤ ሰው ሞልቶ የሚነሳ የጋራ ጀልባና በኮንትራት የሚሄድ። የጋራው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ለብቻ የመጣ እንግዳን ቀድመው የሚጠሩት ኮንትራቶቹ ናቸው፤ «የሕዝቡ ጀልባ የቱ ነው» ብላችሁ ጠይቁ፣ ዋጋውንም እግራችሁ ሳይገባ ተነጋገሩ። ባሕሩ ሲሸሽ ውሃው ከመውጫው ደረጃ በታች ብዙ ይወርዳል፤ የታችኞቹ ደረጃዎች አረንጓዴ ዝቃጭ ስለያዙ ያንሸራትታሉ። ሻንጣ ከሆነ በትከሻ የሚያዝ ይሁን። ከተማው ውስጥ መኪና የሚያስገባ መንገድ የለም፤ ዕቃ የሚጓዘው በአህያና በእጅ ጋሪ ነው።

ቀን 6፦ የድንጋይ ከተማው

አሮጌው ከተማ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ2001 ነው፤ ስፋቱ 16 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጋር አስተያዩት፤ በእግር አንድ ጊዜ ጫፍ ለጫፍ ለመሄድ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጥንታዊ ከሚባሉት መስጊዶች አንዱ፣ ከምሽጉ አጠገብ ያለው የፑዋኒ መስጊድ፣ ከ1370 ጀምሮ እንደቆመ ይነገራል።

ቤቶቹን ለመረዳት ከጣሪያው መጀመር ጥሩ ነው። ጣሪያውን የሚሸከሙት «ቦሪቲ» የሚባሉ የማንግሮቭ እንጨቶች ናቸው፤ ማንግሮቭ ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ ሰዶ የሚበቅል ዛፍ ነው። የእንጨቱ ጠቃሚ ርዝመት ወደ ሦስት ሜትር ስለሆነ ክፍሎቹ ሁሉ ጠባብና ረጃጅም ናቸው። ወርዱን የወሰነው ዛፉ ነው፤ በኛ አገር የጭቃ ቤት ወርድ ባሕር ዛፍ እንደሚወስነው። ግድግዳው ከማንዳ ደሴት ተፈልጦ በጀልባ የሚመጣ የዛጎል ድንጋይ ሲሆን ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ማጣበቂያው ያንኑ ድንጋይ በእሳት አቃጥሎ የሚገኝ ኖራ ነው። በራፉ ላይ ግራና ቀኝ መቀመጫ ያለው «ዳካ» አለ፤ እንግዳ እዚያ ይስተናገዳል፣ ቤተሰቡ ወዳለበት አይገባም። በውስጠኛው ግድግዳ የተቀረጹት ትናንሽ መደርደሪያዎች «ዚዳካ» ይባላሉ።

ዛሬ ቤቶቹን የሚያበላሸው ሲሚንቶ ነው። ኖራ እርጥበትን ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። ከመሬት የሚሳበው ጨዋማ እርጥበት ከልስኑ በስተጀርባ ይቀርና ድንጋዩን እያፈራረሰ ልስኑን በቁራጭ ይጥለዋል። አንድ ግድግዳ አዲስ ተለስኖ ከሥሩ ካበጠ ሲሚንቶ እንደሆነ እወቁ። ርካሽና ፈጣን ስለሆነ ይመረጣል፤ በጥቂት ዓመት ግን ከነበረው የባሰ ጥገና ያስከትላል።

ምሽጉ የተጀመረው በ1813፣ ያለቀው በ1821 ነው። ምክንያቱ የሼላ ጦርነት ነው። በ1812 ገደማ ከፓቴ ደሴትና ከሞምባሳ የመጣ ጦር በደሴቲቱ ጫፍ ሼላ ላይ ወረደና በላሙ ሰዎች ተሸነፈ። ወደ ጀልባዎቹ ሲሸሽ ባሕሩ ሸሽቶ ጀልባዎቹን አሸዋ ላይ ጥሏቸው ስለነበር ብዙው እዚያው አለቀ። ላሙዎች ግን ጠላት ይመለሳል ብለው ስለሰጉ የኦማኑን ሱልጣን ሰይድ ሰዒድን እርዳታ ጠየቁ፤ ምሽጉም በእርሱ እገዛ ተሠራ። ጥበቃው ከነጌታው መጣ፤ ከተማዋ በኦማኖች፣ በኋላም በዛንዚባር አገዛዝ ሥር ገባች። ምሽጉ ከ1910 እስከ 1984 ወኅኒ ቤት ሆኖ አገልግሏል፤ አሁን ሙዚየም ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በ1506፣ ፖርቱጋሎች መርከቦቻቸውን ደርድረው ግብር አስከፍለዋት ነበር። ጀርመኖችም ከ1888 እስከ 1891 እዚህ ፖስታ ቤት ከፍተው ነበር፤ ቤቱ ዛሬም ይጎበኛል።

ምግብ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ኮኮናትና ጨፓቲ ነው። ለጾመኛ አያስቸግርም፤ ዓሣ የማይበላም በኮኮናት የተሠራ ባቄላና አትክልት ያገኛል። ሥጋው በሙስሊም እጅ የታረደ ነው። በረመዳን ቀን ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፤ ለሽማግሌ «ሽካሞ» ይባላል፣ መልሱ «ማራሃባ» ነው። በኛ ለታላቅ እንደሚታጠፈው አንገት ነው፤ ያንን ሰላምታ ያቀረበ እንግዳ መንገድ ጠይቆ አያጣም።

ቀን 7፦ ሕዝቡና ውሃው

በ2019 በተደረገው ቆጠራ የላሙ ካውንቲ ሕዝብ፣ ደሴቶቹና ዋናው ምድር ተደምረው፣ 143,920 ነበር። በ2009 የነበረው 101,539 ነው። ከኬንያ 47 ካውንቲዎች በሕዝብ ቁጥር የመጨረሻው ይህ ነው። ለማነጻጸር፣ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ብቻውን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ180,000 በላይ ነዋሪ ነበረው። በላሙ ግን በዐሥር ዓመት ውስጥ ከዐሥር አራት እጅ ተጨምሯል፤ ለትንሽ አገር ይህ ከባድ ነው።

ማን እንደሚኖር ለማየት ዋናውን ጎዳና ከሰሜን ወደ ደቡብ መሄድ ይበቃል። ሰሜኑ ምኮማኒ ነው፤ ዋሙ የሚባሉት የጥንቶቹ የላሙ ስዋሂሊ ቤተሰቦች የድንጋይ ቤቶች ያሉበት። ደቡቡ ላንጎኒ ነው፤ ከየመኑ ሐድረመውትና ከኮሞሮስ የመጡት፣ ባጁኒ የሚባሉት የሰሜኑ ደሴቶች ሰዎችና ከባርነት የተላቀቁት ልጆች በጭቃና «ማኩቲ» በሚባል የኮኮናት ቅጠል ክዳን የሠሩት። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሀብት የቆመው በዋናው ምድር እርሻዎች በባሪያዎች ጉልበት ነበር። የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በ1873 የባሕሩን የባሪያ ንግድ ሲከለክሉ፣ በ1907 ደግሞ ባርነት ሲሻር እርሻዎቹ ጠፉ፤ ከባቡሩ ጋር ተደምሮ ከተማዋን ያቀዘቀዘው ይህ ነው። ያንን ሀብት ያፈሩት ሰዎች ስም በምሽጉ ግድግዳ ላይ አይነበብም፤ ላንጎኒን ሳያዩ መመለስ ግማሹን ታሪክ መተው ነው። የሪያዳ መስጊድ እዚያ ነው። መሥራቹ ሐቢብ ሳሊህ ከኮሞሮስ መጥተው የባሪያ ልጆችን ከሌላው ጋር ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ በየዓመቱ የሚከበረው የመውሊድ በዓል ከዚህ መስጊድ ይነሳል።

በቅርብ ጊዜ የመጡ ሁለት ፈለሶች አሉ። ባጁኒዎች በ1960ዎቹ የድንበር ግጭት፣ ከደቡብ ሶማሊያ ደሴቶች ደግሞ ከ1991 በኋላ ተሰደው መጡ። በ1970ዎቹ ደግሞ መንግሥት በምፔኬቶኒ ከደጋው ያመጣቸውን መሬት አልባ ገበሬዎች አሰፈረ። የመሬት ባለቤትነት ወረቀት በእጃቸው የሌለ የባሕር ዳር ሰዎች ይህን እስከ ዛሬ በምሬት ያነሱታል። የዳርቻ ገበሬ ከመሬቱ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ለምናውቅ ለኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ሼላ። በባሕሩ ዳር በእግር 45 ደቂቃ ነው፤ ባሕሩ ሲሞላ ግን መንገዱ በከፊል ይሰጥማል። ሞላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ስለሚሄድ የትናንቱ ሰዓት ዛሬ አይሠራም፤ ጠዋት ጀልባ ነጂ ጠይቁ። ከሼላ በስተጀርባ የአሸዋ ኮረብታዎች አሉ። ዝናቡ በአሸዋው ሰርጎ ገብቶ ከሥር ካለው የባሕር ውሃ በላይ ይጠራቀማል፤ ጣፋጩ ውሃ ቀላል ስለሆነ በጨዋማው ላይ ይንሳፈፋል። የከተማዋ ጉድጓዶች እዚህ ናቸው። ቀስ ብለው ሲቀዱት ጨዋማው ውሃ ባለበት ይቆያል፤ በብርቱ ፓምፕ ሲስቡት ግን ወደ ላይ ይነሳና የጉድጓዱን ውሃ ጨዋማ ያደርገዋል። ሰው ሲበዛ፣ ሆቴል ሲበዛ፣ በአሸዋው ላይ ቤት ሲሠራ የሚመጣው አደጋ ይኸው ነው። ከተማው ውስጥ ያሉት አሮጌ ጉድጓዶች ደግሞ ከመጸዳጃ ጉድጓድ አጠገብ ስለሆኑ ለመጠጥ አይሆኑም፤ የታሸገ ወይም የፈላ ጠጡ። በየቤቱና በየመስጊዱ «ቢሪካ» የሚባል የውሃ ማጠራቀሚያ ታያላችሁ፤ ውስጡ ትናንሽ ዓሦች የሚዋኙት የወባ ትንኝ ዕጭ እንዲበሉ ነው።

ቀን 8፦ ታክዋና አዲሱ ወደብ

ማንዳ ደሴት ላይ የታክዋ ፍርስራሽ አለ። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ በግንብ የታጠረ ከተማ ነው፤ ከመቃብሮቹ በአንዱ ዓምድ ላይ ያለው ጽሕፈት ወደ 1681 ይደርሳል። ጀልባ የሚገባው በማንግሮቩ መሐል ባለው ቦይ ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዓት ከቆያችሁ መውጫ ታጣላችሁ። ሰዎቹ ለምን ለቀው እንደሄዱ ሲነገር ከሚነሱት ምክንያቶች አንዱ የጉድጓዶቹ ውሃ ጨዋማ መሆኑ ነው። ሲወጡ የሰፈሩት ሼላ፣ ጣፋጩ ውሃ ካለበት አጠገብ ነው።

በመልሱ ጀልባው ከሩቅ የሚያሳያችሁ ረጃጅም ክሬኖች የላሙ ወደብ ናቸው። በመጋቢት 2012 የኬንያው ሙዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና አቶ መለስ ዜናዊ እዚህ ተገኝተው ላፕሴት የተባለውን ዕቅድ አስጀምረዋል፤ ወደቡ ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር በመንገድ፣ በባቡርና በነዳጅ ቧንቧ እንዲገናኝ ነው። የመጀመሪያው መርከብ ማቆሚያ በግንቦት 2021 ተመረቀ። ለማቆሚያው ባሕሩ ሲቆፈር ዓሣ የሚራባበት ቦታ ስለተበላሸ በ2018 የማሊንዲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት 4,600 ያህል ለሚሆኑ ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ ካሣ ፈረደ። በባሕሩ ዳር ሊሠራ የነበረውን የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ፈቃድ ደግሞ በሰኔ 2019 የአካባቢ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ሰረዘው፤ ሕዝቡ በበቂ አልተጠየቀም ብሎ።

መንገዱ ከወደቡ በጋሪሳና በኢሲዮሎ፣ ከዚያ በሞያሌና በሐዋሳ በኩል ነው የሚመጣው። የኢሲዮሎ–ሞያሌው አልቋል፤ የላሙ–ጋሪሳው በጸጥታ ችግር ሲጓተት የቆየ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ኮንቴይነሩ በሞጆ አድርጎ የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ በር ላይ፣ ቃሊቲ ጉምሩክ ዘንድ ነው። ሠራተኛውና ሠፋሪው ግን ላሙ ላይ ይከማቻል፤ የሚጠጣውም ያንኑ የሼላ ውሃ ነው።

ለመመለስ፣ የሞምባሳው አውቶቡስ ከሞኮዌ የሚነሳው በማለዳ ስለሆነ ከላሙ በ11 ሰዓት ሌሊት ጀልባ መያዝ ያስፈልጋል። ነጂውን በዋዜማው አናግሩት፤ ባሕሩ በዚያ ሰዓት ሸሽቶ ከሆነ ከየትኛው ደረጃ እንደሚነሳ ያሳያችሁ።